ከአፍዴራ ወዲያ የደበቁኝ

ዳናክልን በጣቴ ነበር የማውቀው። አቃቂ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። የክፍሉ ካርታ ላይ፣ ከላይ ወደ ቀኝ በኩል፣ ብዙ ሰው ስለነካው ቀለሙ የለቀቀ ቦታ አለ። በየዓመቱ እዚያ ላይ ጣቴን አሳርፋለሁ፣ «ከባሕር ወለል በታች» እላለሁ፣ ልጆቹ ይጽፋሉ፣ ደወል ይደወላል። አንድ ቀን የአማርኛ መምህርት የሆነችው ጓደኛዬ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አንቺ እኮ ከቃሊቲ መናኸሪያ አልፈሽ አታውቂም። ለልጆቹ የምትነግሪያቸው የሰሚ ሰሚ ነው» አለችኝ። ተሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ነገሩ ግን ከነከነኝ።

እውነቱን ለመናገር ጭንቀታም ነኝ። ስልክ በማለዳ ከጮኸ ሰው የሞተ ይመስለኛል፤ ካልጮኸ ደግሞ ሰው ሞቶ የደበቁኝ ይመስለኛል። ጓደኛዬ «ሟርተኛ» ብላ ስም አውጥታልኛለች። ግን ያለ ምክንያት አይደለም የምጨነቀው። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ፈትል ክፍል ውስጥ ሠርቶ ጡረታ ከወጣ በኋላ ሳንባው እምቢ አለው። እሱና እማዬ አሮጌው አቃቂ፣ ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ ባለው ቤታችን ታናሽ ወንድሜን ይዘው ይኖራሉ። እኔና ባለቤቴ ኮንዶሚኒየም ደርሶን ኮዬ ፈጬ ከገባን ወዲህ ልቤ እዚያ ቤት እንደተንጠለጠለ ነው። ሌሊት ባለቤቴ ሲያስለው እንኳን «አባዬ!» ብዬ እነቃለሁ።

ቀን ሁለት ጊዜ እደውላለሁ። እማዬ ስልኳን ቁምሳጥን ውስጥ ከልብስ ሥር ስለምታስቀምጠው አትሰማም። ያኔ ከቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ ላለው የስልጤ ሰው እደውልለታለሁ። እሱም መንገዱን ተሻግሮ አይቶልኝ ይመለሳል። «ወላሂ ደህና ናቸው፤ አባትሽ ደጅ ፀሐይ እየሞቁ ነው፣ እናትሽ ወላሂ እየተቆጧቸው ነው» ይለኛል። ይህ ሰው ለስኳሩ ዋጋም፣ ለዝናቡም፣ ለመልሱም ወላሂ ይላል። ከዶክተሩ ይልቅ የእሱ ወላሂ ነበር የሚያረጋጋኝ።

የዓመቱ አጋማሽ እረፍት ሲደርስ ባለቤቴና ጓደኛዬ ተማክረው፣ እኔን ሳይጠይቁ፣ ወደ ሰሜን አፋር ለሚሄድ ጉዞ አስመዘገቡን። በአውሮፕላን ሰመራ፣ ከዚያ በላንድክሩዘር አፍዴራ፣ ከዚያ እሳተ ገሞራው ሥር አዳር፤ በማግሥቱ ጨው ሜዳው። አባዬን ትቼ የት እሄዳለሁ ብዬ አኮረፍኩ። እማዬ ናት ያባረረችኝ። «ሂጂ! አባትሽ አንቺ ስላየሽው አይተነፍስም» አለችኝ፣ የገበያ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ወደ ሳሪስ አቦ ልትሄድ በር ላይ ቆማ። እሷ እንዲህ ናት። ጉንፋን እንኳን ፈርቷት የሚያልፋት ሴት ነበረች።

ሰመራ ያደርን ዕለት ማታ ደወልኩላት፤ እንደ ዕድል አነሳችው። አባዬ ራቱን በልቷል። ሙቀቱ እንዴት ነው አለችኝ። ከባድ ነው አልኳት። «እንግዲህ ራስሽ ነሽ የሄድሽው። በይ ዝጊ፣ ካርድሽ ያልቃል» አለች። ዘጋሁት።

በማግሥቱ ጠዋት አምስት ሆነን ወጣን። ሾፌሩ ጠና ያለ፣ የድሮ ዘፈን ወዳድ ሰው ነው። መሪውን በጣቱ እየመታ አብሮ ይዘፍናል፤ ድምፁ አያምርም፣ እሱ ግን ግድ የለውም። አስጎብኚያችን ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ የአካባቢው ልጅ፣ አፋር፣ ቀጭን፣ ሽርጥ ያገለደመ። አማርኛው ጥሩ ነበር፤ ቃል ግን አያባክንም። ባለቤቴ ከፊት ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠ፣ እኔና ጓደኛዬ ከመሃል፣ አስጎብኚው ከኋላ ከውሃ ጀሪካኖቹ ጋር።

መንገድ ላይ የሚያስቆመን እሱ ነበር። ግመል የሚነዳ ሰው ባየ ቁጥር «አቁም» ይላል፣ ይወርዳል። እጅ ይጨባበጣሉ፣ ከዚያ ረጅም ወሬ ይጀምራሉ። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል፤ ከዚያ ተራ ይቀያየራሉ። ዳጉ ነው። ምን አየህ፣ ምን ሰማህ፣ ከማን ሰማህ። አስተምሬዋለሁ፤ መጽሐፉ ላይ ሁለት መስመር ነው። ሁለት መስመሩን ፀሐይ ላይ ቆሜ ስጠብቀው ግን ረዘመብኝ። «ምን ይህን ያህል ያወራሉ?» አልኩ። ጓደኛዬ፣ «አንቺ በቀን ሁለት ጊዜ ባለሱቁን የምታደርጊው ምንድን ነው?» አለችኝ። ሾፌሩ ሳቀ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ደህና ነበርን።

አፍዴራ ለምሳ ቆምን። በቆርቆሮ የተሠራች ትንሽ ምግብ ቤት፣ ከማዶ ጨው የሚመረትበት ሐይቅ፣ አየሩ የሚፋጅ። አስጎብኚው ከዚህ በኋላ ኔትወርክ እንደሌለ ነገረን። ባለቤቴ ስልኩ ጮኸ፣ አየው፣ ተነስቶ ወጣ። እኔም የኔን አውጥቼ እማዬ ጋ ደወልኩ፤ አታነሳም። ምን ይገርማል አልኩና ለባለሱቁ ደወልኩለት።

ወዲያው አነሳ። ገና «ሰላም ነው?» ከማለቴ፣ «ደህና ናቸው፣ ሁሉም ደህና ናቸው፣ አንቺ በደህና ግቢ» አለኝ። ከኋላው የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል። ምንድን ነው ጫጫታው ልለው ስል «ኔትወርኩ...» አለና ተቋረጠ። መልሼ ልደውል ስል ባለቤቴ ተመለሰና ስልኩን ከእጄ ወሰደው። «ባትሪሽ ሊያልቅ ነው፣ መኪና ውስጥ ልሰካልሽ» አለኝ። ፈገግ ብሎ ነበር። ባለቤቴ እንዲህ ሙቀት በበዛበት ቀን ፈገግ የሚል ሰው አይደለም።

ስንነሳ ከፊት ያለውን ወንበር ለኔ ለቀቀልኝ። ጓደኛዬ ከኋላ ብርቱካን ልጣ በትከሻዬ በኩል አቀበለችኝ፤ አንዱን ስጨርስ ሌላውን። ሾፌሩ ሞተሩን ሲያስነሳ ዘፈኑ አብሮ ተነሳ፤ እጁን ሰዶ አጠፋው። ቴፑን እያየሁ ቆየሁ። መልሶ ሲከፍተው ለማየት ነበር። አልከፈተውም።

አስፋልቱ አልቆ አሸዋው ጀመረ፣ አሸዋው አልቆ ጥቁሩ ድንጋይ ጀመረ። መኪናው በአንድ ጎን እየወጣ በሌላው እየወረደ ይንፏቀቃል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይገለበጣል ብዬ የምጮህ እኔ ነበርኩ። አሁን ግን መኪናውን ረስቼ ባለሱቁን እያሰብኩ ነበር። ሳልጠይቀው ነው የመለሰልኝ። ደግሞ ወላሂ አላለም። ሦስት ጊዜ በልቤ ደጋገምኩት፣ ምናልባት ብሎኝ ይሆናል ብዬ፤ አላለም። ለስኳር የሚምለው ሰው ለአባቴ አልማለም።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር አውቃለሁ። አቃቂ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል። ባለመርዶዋን በተገኘችበት ቦታ ሁሉ አትነግራትም። ዘመድ የሌለበት፣ ደግፎ የሚይዝ የሌለበት ቦታ አይነገርም። በሰበብ ወደ ቤቷ ትመልሳታለህ፤ አስቀድመህ ታበላታለህ፣ ከዚያ በኋላ ለቀናት እህል ስለማትቀምስ፤ ታስተኛታለህ። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች፣ ጎረቤት፣ የእድር ሰው ተሰብስበው በሩን ያንኳኳሉ። እኔ ራሴ ለአንዲት ጎረቤታችን ነጠላዬን አዘቅዝቄ ከሄዱት አንዷ ነበርኩ። ከዚያ በፊት በነበረው ማታ ደግሞ አጠገቧ ተቀምጬ «ብይ እንጂ፣ ምነው ቀነስሽ» እያልኩ ያጎረስኳት እኔ ነኝ። የያዝኩትን ብርቱካን ወደ አፌ ሳላደርስ ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጥኩት።

ታዲያ ለምን አልጠየቅኳቸውም? ፈራኋ። ከጠየቅሁ ባለቤቴ ይዋሻል፤ ሲዋሽ ደግሞ ፊቱን አይቼ አውቃለሁ። እስካልጠየቅሁ ድረስ አባዬ ደጅ ፀሐይ እየሞቀ ነው። ስለዚህ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ሁለት ጊዜ ግመል የሚነዱ ሰዎች አገኘን፣ ሁለት ጊዜ ቆምን። አስጎብኚው ወርዶ ዳጉውን ያደርሳል። አሁን ግን የሚያወሩት ሰዎች መሃል ላይ አንገታቸውን አዙረው መኪናውን ያያሉ። መኪናውን አይደለም፤ እኔን ነው የሚያዩት። ሁለተኛው፣ ጺሙን ቀይ የቀባ ሽማግሌ፣ እስክንርቅ ድረስ አየኝ። ልብሴ አስቀያሚ ሆኖ ይሆን ብዬ ሻርፔን አስተካከልኩ።

በልቤ አባዬን መቅበር የጀመርኩት እዚያ ነው። አይፈረድብኝም፤ ጭንቀቴ ሁልጊዜ ከእኔ ቀድሞ ነው የሚሄደው። ለለቅሶው የትኛው ፎቶ እንደሚወጣ መረጥኩ፤ የፋብሪካውን ሰማያዊ ቱታ ለብሶ የሚስቅበትን። ከዚያ እማዬን አሰብኩ። ያን ቤት ብቻዋን አትችለውም፤ ኮዬ ፈጬ አመጣታለሁ። ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ደረጃው ጉልበቷን ያማታል፣ ይሁን፣ ቀስ ብላ ትወጣለች። ፀሐይ የሚገባበትን ክፍል እንሰጣታለን። ከኛ ብሎክ ሴቶች ጋር መጣላቷ አይቀርም። ይህን ሳስብ ፈገግ ማለቴ ትዝ ይለኛል።

ሰፈሩ ላይ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ድንጋይ የተካበባቸው ጎጆዎች፣ መሬት ላይ የተነጠፉ ፍራሾች። ወደ ገሞራው አፍ በእግር ወጣን፤ ጭሱ ስለበዛ እሳቱ ፍም ፍም እያለ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ያን ሁሉ ዓመት በጣቴ ያሳየሁት ቦታ ላይ ቆሜ ነበር። ምንም አልተሰማኝም። ጓደኛዬ ክንዴን ይዛኛለች፤ እንዳልወድቅ መሆኑ ነው፣ ግን ከገደሉ ርቀንም አልለቀቀችኝም።

ስንወርድ ባለቤቴ ጎን ለጎን እየሄደ ጉሮሮውን ጠረገ። «አፍዴራ ላይ ደውለውልኝ ነበር» አለ። «አባባን ትንሽ አመም አድርጓቸዋል። የሚያሰጋ አይደለም፣ ግን ጨው ሜዳው ይቅርና ነገ ጠዋት እንመለስ።»

ትንሽ አመም አድርጓቸዋል። ይህን ቃል ስንት ሰው ቤት ሰምቼዋለሁ፣ ስንት ሰውስ ላይ ራሴ ተናግሬዋለሁ። በአቃቂ ልማድ የዚህ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው። «እሺ» አልኩት። እሺ በማለቴ ደንግጦ አየኝ፤ የሚያውቃት ሚስቱ ብትሆን ኖሮ ሃያ ጥያቄ ትጠይቀው ነበር።

ራት ፓስታ ነበር። ጓደኛዬ ሳህኔን ሞልታ አመጣችው። «ብይ እንጂ፣ ምነው ቀነስሽ?» አለችኝ። ሹካውን አስቀመጥኩት። ይህች የቀልድ ሴት፣ ሟርተኛ እያለች የምትስቅብኝ፣ ዓይኗን ከኔ ዓይን አሽሽታ ፓስታዬን ታማስላለች። አዘንኩላት ደግሞ። ቀኑን ሙሉ ተሸክማው ውላለች።

ያኔ አስጎብኚውን አየሁት። ራቅ ብሎ ከሁለት የአካባቢው ሰዎች ጋር ተቀምጧል፤ አሁንም ዳጉ ላይ ናቸው። እሱ ሲናገር አንደኛው ሰውዬ ወደኔ ዞረና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። እንዲህ ያለ ሰላምታ ለእንግዳ አይሰጥም። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ። ያ ቀይ ጺም ያለው ሽማግሌ፣ ከእሱ በፊት ያለው ሰውዬም እያዩኝ የነበሩት ለካ ሰምተው ነው። በረሃው ሁሉ ከእኔ በፊት ሰምቷል።

ከዚህ ሁሉ ሰው መሃል የማይዋሸኝ አንድ ሰው እንዳለ ገባኝ። ተነሳሁ። ባለቤቴ «የት ነው?» አለኝ፤ «ውሃ ልጠጣ» አልኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ስሸሸው ወደኖርኩት ነገር በገዛ እግሬ መሄዴ ነው። አስጎብኚው ሲያየኝ ተነሳ፤ ሰዎቹም ተነሱ።

«አባቴ ሞቷል አይደል?» አልኩት።

«ባልሽ አትንገር ብሎኝ ነበር። ሳትጠይቂ አልነገርኩሽም። ከጠየቅሽ ግን እኛ ወሬ አንደብቅም፤ ነውር ነው» አለ። ከዚያ ልክ ለግመል ነጂዎቹ እንደሚያደርገው፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ከመጀመሪያው ጀመረ። «እኔ አላየሁም። ከባልሽ ሰማሁ። ባልሽ ከወንድምሽ ሰማ። አባትሽ ደህና ነው። አባትሽ አልታመመም። እናትሽ ናት የሞተችው።»

«እናቴ?»

«እናትሽ። ዛሬ ጠዋት ከገበያ ስትመለስ በሩ ላይ ወደቀች። ፊት ለፊት ያለው ባለሱቅ ደርሶ አነሳት። ሐኪም ቤት ሳትደርስ ሞተች። አልቆየችም፣ አልተሠቃየችም ብሏል ወንድምሽ።»

መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። ድንጋዩ ገና ሙቀቱን አልለቀቀም ነበር። እንባ አልመጣልኝም። እኔ በልቤ ያለቀስኩት ለአባዬ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ እሱን ቀብሬ፣ እሷን ደረጃ እያስወጣሁ፣ ክፍል እየሰጠኋት ውያለሁ። አንድ ጊዜ እንኳን፣ በዚያ ሁሉ የጭንቀት ዓመት ውስጥ አንድም ሌሊት፣ ስለ እሷ ፈርቼ አላውቅም። ለእሷ የሚሆን ፍርሃት አልነበረኝም፤ ያለኝን ሁሉ አባዬ ጨርሶታል። አባዬን ደግሞ አሁን ማን ይቆጣዋል?

አስጎብኚው ከፊቴ ቁጢጥ አለ። ወሬውን አልጨረሰም ነበር። «ቀብሩ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ወንድምሽ እንጠብቃታለን ብሎ ነበር። ባልሽ አትጠብቋት፣ እዚህ በረሃ ላይ ከነገርኳት ትወድቅብኛለች፣ ማታ ቤት ገብታ ከነገ ወዲያ ጠዋት በሽማግሌ ይነገራታል አለ። ወሬው ይኸው ነው፤ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።»

ባለቤቴን አላማሁትም። እሱ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ አደርግ ነበር፤ ማንም የእኛ ሰፈር ሰው ያደርገዋል። ሰው እንዳይሰበር ብለን ነው። ግን ሌሎች አፈር ሲያለብሷት እኔ መኪና ውስጥ የተላጠልኝን ብርቱካን እየበላሁ ልሆን ነበር።

«አሁን ብንነሳ እደርሳለሁ?» አልኩት።

ወደ ጥቁሩ ድንጋይ አየ፣ ከሁለቱ ሰዎች ጋር በቋንቋቸው ተነጋገረ። «ከፊት ከፊት እየሄድኩ በባትሪ መንገዱን አሳያለሁ፤ ቀስ ብለን ነው የምንሄደው፣ ለጠዋቱ አውሮፕላን ግን እንደርሳለን» አለ። ሾፌሩን ሊቀሰቅስ ሄደ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ የነበረው ሰውዬ አንድ ነገር ተናገረኝ፤ ቋንቋውን አልሰማም፣ አንገቴን ዝቅ አደረግሁለት።

ወደ ፍራሹ ስመለስ ባለቤቴ ጋቢዬን ዘርግቶ ትራሴን አስተካክሎ ይጠብቀኛል። ጓደኛዬ ሳህኑን እንደያዘች ናት፣ ፓስታው ቀዝቅዟል። «በቃ አረፍ በይ፣ ነገ በጠዋት እንነሳለን» አለኝ ባለቤቴ፣ ድምፁን አለስልሶ። ቁጭ ብዬ የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርኩ።

«ምነው፣ የት ልትሄጂ ነው?» አለኝ።

«እናቴን ልቀብር» አልኩት።